የኩሽናው በር መስመር

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ

ከዓይኔ ርቀሽ ከሐሳቤ ላልራቅሽው ልጄ፣

ስልክ እያለልን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልኩ ሲጮህ ልጅሽ ሽምብራ የትም ብትሆን በርራ መጥታ ጉያዬ ውስጥ ትሸጎጣለች፤ ዛሬ የምነግርሽን ደግሞ እሷ ባትሰማው ይሻላል። አሁን ትምህርት ቤት ናት። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ የተበተነውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ወደ ጎን ገፍቼ፣ የልብስ ጠመኔ በለመደ እጄ እስክሪብቶ ይዣለሁ። ጽሑፌ ከተጣመመ በዚያ ይቅር በይኝ። ልኩን ስወስድ ሆዱን ወደ ውስጥ የሚስበው የዚያ ደንበኛዬ ሱሪ እስከ ነገ ይጠብቃል፤ ሆዱም የትም አይሄድበትም።

አስቀድሜ ልብሽን ላሳርፈው። ልጅሽ ደህና ናት፤ ትስቃለች፣ ትለፈልፋለች፣ ጥያቄዋም አላለቀም። ባለፈው በስልክ «ወድቃ እጇን ትንሽ አመማት» ያልኩሽ ግን ሙሉው አልነበረም። የእጇ አንጓ ላይ አጥንቷ ተሰንጥቆ ጀሶ ታስሮላታል። ነርስ ነሽና ከሩቅ ሆነሽ እንዳታብሰለስዪው ብዬ ዋጥኩት። ዶክተሯ በደንብ እየገጠመ ነው ብላኛለች፣ ጀሶውም በቅርቡ ይፈታል። እኔን ሰቅዞ የያዘኝ የእጇ ነገር ብቻ አይደለም፤ እዚያ ድረስ ያደረሳት ምን እንደሆነ ማወቅ ነበር። መቼም ታውቂኛለሽ፣ አንድ ነገር ካልገባኝ እህል አይወርድልኝም። አሁን ደርሼበታለሁ፤ አንቺም ሳታውቂው ውስጡ አለሽበት።

ነገሩ የጀመረው በድመት ነው። የደረጃችንን ድመት ታስታውሻታለሽ፣ ያቺን ከሲታ። ከጥቂት ወራት ወዲህ መወፈር ያዘች፤ ጸጉሯ አብረቀረቀ፣ መራመዷም የባለጸጋ ሆነ። ማን እየቀለባት ነው ብዬ ታችኛውን ባለሱቅ ጠየቅሁት።

«እኔ እንኳ ራሴን መቀለብ አቅቶኛል፤ ቤትዎን ይጠይቁ» አለኝ።

ቤቴን ጠየቅሁ። አንድ ጠዋት ሽምብራ የወተት ኩባያዋን ይዛ «እውጭ ልጠጣ» ብላ ስትወጣ ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳት። ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብላ ወተቱን በቆርቆሮ ክዳን ላይ ታንቆረቁራለች። ድመቷ ደግሞ ቀጠሮ እንዳላት ሰው ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«እርቧት ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ አያምረኝም።»

ወተት አያምረኝም የምትለዋ፣ ያቺ ኩባያዋን ገልብጣ ቂጡን የምትልሰው ልጅ ናት። አዛኝ ሆናለች ብዬ በሆዴ ኮራሁባት። እርጎ ሰጠኋት፤ ገፋችው። ለዘመናት ከማቀዝቀዣ እየሰረቀች የምትበላውን አይብ አቀረብኩላት፤ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች። ነጭ ነገር ጠልታ ይሆናል አልኩ፤ ሩዝ ግን ጥርግ አድርጋ ትበላለች። ትንሽ ቆይታ ሾርባዋ ውስጥ ያለውን ጎመን በሹካ እያወጣች የሳህኑ ጠርዝ ላይ ትደረድር ጀመር፤ ጎመን ደግሞ መቼ ነው ነጭ የሆነው? ሽታው ይሆን ብዬ የቆርቆሮ ሰርዲን ከፈትኩ፤ ድሮ ከነአጥንቱ የምትሰለቅጠውን አልነካም አለች። ከዳቦ ላይ ሰሊጥ አንድ በአንድ ስትለቅም ያየኋት ቀን ግን በቃ ግራ ተጋባሁ። ወተት፣ አይብ፣ ጎመን፣ ዓሣ፣ ሰሊጥ፤ እነዚህን ምን ያዛምዳቸዋል? ሰሊጥ ምን አደረጋት? ስፌት ላይ ሆኜ ሁሉ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ሸሚዝ ላይ ኪሱን ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ።

ከዚያ ወደቀች። ከትምህርት ቤቱ በረንዳ ልጆች ሁሉ እየዘለሉ ሲወርዱ ዘለለች፤ ሌሎቹ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ፣ የሷ አጥንት ተሰነጠቀ። ዶክተሯ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ ካየች በኋላ ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ። እኔም ስለምትበላው ሳይሆን ስለማትበላው ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ ፈገግ አለች።

«የዘረዘሩልኝ በሙሉ ካልሲየም ያለባቸው ናቸው፤ ልጅቷ አንዱንም አልሳተችም» አለችኝ።

ዝምድናቸው ለካ ይሄ ነው። አጥንት በዚህ ዕድሜ እየተገነባ እንደሆነ፣ ግንበኛው ዕቃ ካጣ ግንቡ እንደሚሳሳ አስረዳችኝ። ካልሲየም ጠመኔ ውስጥም አለ ስትለኝ ኪሴ ውስጥ ያለችውን የልብስ ጠመኔ አውጥቼ «ታዲያ ይህችን ፈጭቼ ላብላት?» አልኳት። ሳቀችብኝ። የሳቋን ያህል ግን መከረችኝ። ወተት ሆዷን ያማት እንደሆነ መረመረች፤ አያማትም። ማዕድ ላይ አይጣሏት አለችኝ፤ በያንዳንዱ ምግብ ላይ ጥቂት ጥቂት ያድርጉላት፣ ከሁለት ነገር አንዱን ራሷ ትምረጥ፣ ሲያበስሉ አብራ ትሥራ፣ እርስዎም ፊቷ ይብሉ፣ ፀሐይ ላይም ትሩጥ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ለሌሎች ልጆች ወላጆች የምትነግሪው ነውና አላስረዝመውም። በር ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ጨመረች።

«እነዚህን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚጠላ ምላስ የለም፤ የሆነ ምክንያት አላት። እሱን ይፈልጉ።»

ለኔ «ፈልጊ» ማለት እንግዲህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ የተባልኩትን አደረግሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወተት አጠገብ ድርሽ ብዬ የማላውቅ ሰው፣ ፊቷ ቁጭ ብዬ «እሰይ፣ እንዴት ይጣፍጣል» እያልኩ ጠጣሁ። አገጯን በደህናው እጇ ይዛ ስትመለከተኝ ቆየችና «እማማ፣ አንቺ መርዘም ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። እኔማ በዚህ ዕድሜዬ እያጠርኩ ነው አልኳት። «እንግዲያው የኔንም ጠጪ» ብላ ኩባያዋን ወደኔ ገፋችው። ሁለቱንም ጠጣሁና ሌሊቱን ሆዴ ሲጮህ አደረ። ሌላ ቀን የተፈጨ ድንች ውስጥ ወተት ደባለቅሁ። ሁለቴ አስጨምራ በላችና «ምን አድርገሽበት ነው?» ስትለኝ አልዋሸኋትም፤ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ከዚያም ዘወር ብላ የኩሽናውን በር አየች። ለምን በሩን እንዳየች አልገባኝም። ሰው መጣ ብዬ እኔም አብሬያት አየሁ።

የገባኝ ባለፈው ቅዳሜ ነው። ዩኒፎርሟ አርጅቶ አዲስ ልሰፋላት፣ እጅጌውንም ጀሶው እንዲያልፍበት ከስፌቱ ከፍቼ ቁልፍ ላደርግለት ፈለግሁ። ያንን የቤት ውስጥ ረጅም ቀሚሷን እንደለበሰች፣ አንቺን በልጅነትሽ እንደማቆምሽ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳት። ከትከሻዋ እስከ ጠረጴዛው ለካሁ። ካምናው አነሰ።

ሜትሬ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ከእንጨት ማስመሪያው ጋር አስተያየሁት፤ ትክክል ነው። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ለክቻለሁ፤ የሚወፍር፣ የሚከሳ፣ ከርሱን የሚደብቅ፣ ደረቱን የሚነፋ። ወደ ታች የሚያድግ ልጅ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ወገቤን ይዤ ራቅ ብዬ አየኋት። ቀሚሷ ከፊት በኩል ወጣ ብሏል፤ ጨርቁም በስሱ ይንቀጠቀጣል። ጠርዙን ገለጥ ሳደርገው ጉልበቶቿን አጥፋ ቆማለች። ደክሟት እግሯ ይርዳል።

«ጉልበትሽን ምን ነካው?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ዘርጊዋ።»

«እረዝማለሁ።»

«ብትረዝሚስ? ማን ከለከለሽ?»

ሜትሩን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እሷም ተቀመጠች። እግሮቿን እያወዛወዘች፣ ዓይኗን ጀሶው ላይ አድርጋ፣ «ካለፍኩት እማዬ አትመጣም» አለችኝ።

ምኑን እንደምታልፍ ጠይቄ፣ ቀስ በቀስ፣ አንዱን ከሌላው እየቀጠልኩ ሰማኋት። የሄድሽ ዕለት እኔ ታች ሻንጣሽን ከሹፌሩ ጋር ስጭን፣ አንቺ የኩሽናው በር መቃን ላይ አቁመሻት፣ ከራሷ ከፍ አድርገሽ በሰማያዊ እስክሪብቶ መስመር አሰመርሽ። «ራስሽ ከዚህ መስመር ሳያልፍ እመጣለሁ» አልሻት። መስመሩን እኔም በየቀኑ አየዋለሁ፤ ቁመቷን የለካሽበት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ እሁድ እሁድ በስልክ «ወተትሽን ጠጣሽ? ወተት የሚጠጣ ልጅ ቶሎ ያድጋል» ትያታለሽ። መምህሯም አጥንት የሚያሳድጉ ምግቦችን ሰሌዳ ላይ ሥዕላቸውን እየሳለች አስተማረቻቸው። ልጅሽ በደንብ ተማረች። ሥዕሉ ላይ ያለውን በሙሉ መብላት አቆመች።

ለካ ጸጉሬን አሳጥሪልኝ ብላ የነዘነዘችኝም ጸጉሩ መስመሩ ላይ እንዳይደርስ ነው። ስትሄድ ትከሻዋን ሰብራ የምትሄደውም፣ ስትተኛ የምትኮራመተውም ለዚሁ ነው። እኔ ደግሞ ብርድ ነው እያልኩ ብርድ ልብስ እጨምርላታለሁ።

ልወቅስሽ አይደለም። የሰጠሻት ሁለቱም ቃል ከፍቅር የመጣ ነው፤ ጥፋቷ ሁለቱንም ማመኗ ነው። ከዚህ የባሰ ታዛዥ ልጅ ከየት ይመጣል? እኔ ግትር ሆነች ስል፣ እሷ አንቺን ለማምጣት የምትወደውን ሁሉ ለድመት ስትሰጥ ከርማለች። ይህን ስሰማ ፊቴን እንዳታይ ብዬ መርፌ የጠፋብኝ መስዬ ጎንበስ ብዬ ወለሉን ፈለግሁ።

ቀና ስል ቁራጭ ጨርቅ አነሣሁና አሳየኋት። «ልጅ ወተት ቢጠጣም ባይጠጣም ያድጋል። የማይጠጣው ግን እንደዚህ ነው» ብዬ ሳሳ ያለውን ጨርቅ በሁለት እጄ ስወጥረው ተተረተረ። «ርዝመቱን አልከለከለውም፤ ጥንካሬውን ነው የወሰደበት።» እጄ ላይ የቀረውን ክር አየች፣ ጀሶዋን አየች።

«ስለዚህ ዝም ብዬ አድጌአለሁ?»

«እንዴት አውቃለሁ? ቀጥ ብለሽ ቆመሽ አታውቂም።»

«እንለካ» አለችኝ። እኔ ሳልሆን እሷ ናት ያለችው።

ወደ ኩሽናው ሄድን። ጫማዋን አወለቀች፣ ተረከዟን መቃኑ ላይ አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። የእንጨት ማስመሪያዬን አናቷ ላይ ጠፍጥፌ ያዝኩ። ቀስ እያለች ጉልበቷን ዘረጋች፣ ከዚያ ወገቧን፣ ከዚያ አንገቷን። ማስመሪያው ከእጄ ጋር ወደ ላይ ሄደ፤ መስመሩ ጋ ደረሰ፣ አለፈውም። ትንሽ ነው ያለፈችው፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህል። ግን አልፋለች።

«አለፍኩ?»

ልጄ፣ ለወፍራም ደንበኞቼ ስንት ጣፋጭ ቃል አውቃለሁ፤ ማስመሪያውንም ዝቅ ማድረግ እችል ነበር። ሜትር ይዤ ዋሽቼ ግን አላውቅም፣ ደግሞም ዘወር ስትል ራሷ ማየቷ አይቀርም።

«አለፍሽ» አልኳት።

ዘወር ብላ መስመሩን አየችው፣ ጣቴንም አየችው። ታለቅሳለች ብዬ እጄን አዘጋጅቼ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«ካለፍኩማ» አለችኝ፣ «አሁን ወተት መጠጣት እችላለሁ?»

ቀዳሁላት። ቆማ ጠጣችው፣ ደግሞ አስቀዳች፣ ከንፈሯ ላይ ነጭ ጢም አብቅላ አይብ ቁረጪልኝ አለች። ለካ እንዴት ናፍቋት ኖሯል። ድመቷ በር ላይ ብትጮህ ዞር ብሎ ያያት የለም። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ምግቡ ቀንቶናል። ጠዋት እርጎዋን ከሙዝ ጋር ራሷ ትመታለች፣ ሰሊጡን ራሷ ዳቦው ላይ ትበትናለች፣ ጎመኑን በመቀስ ልቁረጠው ብላ የጨርቅ መቀሴን ሰርቃኝ ተቆጥቻታለሁ። ሰርዲኑን ለኔ ጭራውን ትታ ትጨርሰዋለች። ትከሻዋም ቀና ብሏል፤ አዲሱን ዩኒፎርም በቀናው ትከሻ ልክ ሰፍቼዋለሁ። ዶክተሯ ይህን ብትሰማ ደስ ይላታል።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ አልጠየቀችኝም። በየቀኑ የሚጠይቅ አፍ ዝም ሲል አልወድም። መስመሩን ላጥፋው ወይ ስላት «ተይው፤ የእማዬ ነው» አለችኝ። ከፍ አድርጌ ሌላ ላስምርልሽ ስላት ደግሞ «አንቺ አይደለሽማ የምትመጪው» አለችኝ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ደርሶሽ እሁድ ስትደውዪ ስለ ወተት አትጠይቂያት፤ እሱን ለኔ ተይው። የምትመጪበትን ንገሪያት። ቅርብ ከሆነ ቅርብ ነው፣ ሩቅ ከሆነ ሩቅ ነው በያት። በቁመቷ አትቁረጪላት፤ ቁመት በሷ እጅ ያለ ይመስላትና መሸከም የማትችለውን ትሸከማለች። በወር ቁረጪላት፣ በክረምት ቁረጪላት፣ አላውቅም ማለትም መልስ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቃላችን የሚደግፋት አንቺና እኔ ብቻ ነን። ረጅም ጊዜ መጠበቅ ትችላለች፤ ጎብጣ መጠበቅ ነው የጎዳት።

የላክሽው ኮት ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጨርቁ ግሩም ነው፣ ገበሩም በንጽሕና የተሰፋ ነው፤ ገልብጬ ሳላየው መቼ አለፍኩት። ለበሰችው፤ እጅጌው ጣቶቿን ከነጀሶው ዋጣቸው፣ ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወረደ። ዞር ዞር እያለች «እማዬ ትልቅ እንደሆንኩ አውቃለች» ብላ ደስ አላት። እኔም አዎ አልኳት። አንቺ ግን የልብስ ሰፊ ልጅ ነሽ፣ ከዚሁ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደግሽው፣ ልክ አትስቺም። ያ ኮት የዘንድሮዋ ሽምብራ ልክ አይደለም፣ የከርሞዋም አይደለም፤ ልኳ የሚሆነው ከዓመታት በኋላ ነው። ምንም አልጠየቅሁሽም፤ ስለ ኮት ብቻ ነው የማወራው።

ሌላ ሰፊ ቢሆን ይቆርጠው ነበር። እኔ አልቆረጥኩትም። ጫፉንና እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌ በእጄ ላላ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ፣ አንዱን ክር ሲስቡት ሁሉም የሚለቅ ስፌት። ስታድግ ጎንበስ ብሎ ያን ክር የሚስብላት ሰው ያስፈልጋታል። እኔ እንድሆን ነው ወይስ አንቺ? ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

ያዳንሻቸው ልጆች ደስታ ለልጅሽ ይድረሳት። መንገድሽ የቀና፣ ጤናሽ የተሟላ ይሁን፤ የሰው አገር ሰው ይውደድሽ፣ ግን አያስቀርሽ። አንቺም ለራስሽ ብዪ፤ ድሮ እርጎ ስሰጥሽ ከአልጋ ሥር ትደብቂ እንደነበር አልረሳሁም፣ እስካሁንም ምክንያቱን አላገኘሁትም።

እናትሽ